ቡናው ይቀመሳል፤ መኪናውስ?

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው የሞያሌ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት አይሱዙ በየቀኑ ይተላለፋሉ። አንዱ የቡና ጆንያ ጭኖ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ሌላው ሰው ጭኖ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ እሱን «ቅጥቅጥ» እንለዋለን። ሻንሲያቸውና ሞተራቸው ከአንድ የጃፓን ፋብሪካ የወጣ ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው ከሻንሲው በላይ ነው። የመጀመሪያው ካሶኒ ተሸክሟል። ሁለተኛው እዚሁ አገር፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በመዶሻና በብየዳ የተሠራ አካል ተሸክሟል፤ ውስጡ ደግሞ እናት፣ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ሕፃን ልጅ አለ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጆንያው ውስጥ ያለው ቡና ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት ናሙና ይወሰድለታል። እርጥበቱ ይለካል፣ እንከኑ ይቆጠራል፣ ተቆልቶ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። ሰዎቹ የተቀመጡበት አካልስ? ማን ሠራው? ቱቦላሬው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ወንበሩ ከወለሉ ጋር የታሰረው በምን ቡሎን ነው? መኪናው በጎኑ ቢወድቅ ጣሪያው ይቆማል ወይስ ይተኛል? ተሳፋሪው ይህን የሚያነብበት ወረቀት የለም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው። በዚህ አገር መኪና በእጅ ሠርቶ መንገድ ላይ ማውጣት ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩን ስንከተለው አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፦ መንግሥት ሁልጊዜ ያየው ከውጭ የመጣውን ክፍል ነው። እኛ የሠራነውን ክፍል አይቶ የፈተነው ጥቂት ነው። ይህ ልማድ ትናንት በቅጥቅጡ ላይ ዋጋ አስከፍሎናል። ነገ ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪናው ላይ ሊደገም ነው።

▪️ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው አልቆ ደቆ ነው። በ1900 ዓ.ም ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ «ሲድሌይ» መኪናውን ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ እየነዳ አዲስ አበባ አደረሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» ያለው እሱን ነው። ሁለቱም እንደ ተአምር ታዩ። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ፦ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?

የእኛ የመኪና ሥራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ አልነበረንም። የጀመርነው ከጥገና ነው። ጣሊያን በወረራው አምስት ዓመታት ካሚዮኑን፣ መካኒኩንና ጋራዡን ይዞ መጣ። በ1933 ዓ.ም ሲሸነፍ ወታደሩ ሄደ፤ ከባለሙያዎቹ ግን ጥቂት የማይባሉ እዚሁ ቀሩ፤ ጋራዥ ከፈቱ፣ የእኛ ልጆችም እቃ ከማቀበል ጀምረው ሙያውን ወሰዱ። ዛሬ ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ብትሰጡ ይህን ታሪክ ትሰማላችሁ። ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ሁሉም ዛሬ አማርኛ ነው።

የቢሮው ቋንቋም ከዚያው ነው። ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ። መኪናን ሕጋዊ የሚያደርጉት ሦስቱ ነገሮች ስማቸው የጣሊያን ነው።

በእኔ እይታ ሁለቱ የቃላት ጎራዎች ከዚያ በኋላ የሄዱበት መንገድ የተለያየ ነው። የጋራዡ ቃላት ወደ ሙያ አደጉ። «ላሜራ» ብሎ የጀመረው ልጅ፣ የተጨማደደ በር ከማቅናት ተነሥቶ ሙሉ አውቶቡስ እስከ መቅረጽ ደረሰ። የቢሮው ቃላት ግን እንደመጡ ቀሩ። ታርጋው ቁጥር ነው፣ ሊብሬው ቁጥር ነው፣ ቦሎው በየዓመቱ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። እጁ አደገ፤ መዝገቡ አላደገም።

▪️ የአምቼ መንገድ

በ1962 ዓ.ም አምቼ ተቋቋመ። ከፊያት ጋር በሽርክና የተመሠረተው ይህ ድርጅት ከውጭ የመጡ የከባድ መኪና ክፍሎችን አዲስ አበባ ላይ ይገጣጥም ጀመር። «ኤንትሬ» እያልን የምንጠራውን ባለ ትልቅ አፍንጫውን ሳይሆን ፊተ ጠፍጣፋውን የፊያት ካሚዮን የማያስታውስ የደቡብ መንገድ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። ኤንትሬ ያልደረሰበት የቡና አገር አልነበረም።

ከዚያ ሌሎችም ተከተሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተነሣው ሆላንድ ካር መኪኖቹን በወንዞቻችን ስም «ዓባይ»፣ «ተከዜ»፣ «አዋሽ» ብሎ ጠራቸው፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ከገበያ ወጣ። ዱከም ላይ የሊፋን መኪኖች ተገጣጠሙ። የመኪናው ስም አገርኛ ሊሆን ይችላል፣ የገጣጠመውም እጅ የእኛ ነው፤ ዲዛይኑ፣ ፈተናውና የቴክኒክ ሰነዱ ግን ከውጭ ነው።

ይህ ዓይነቱ መገጣጠም ለሕግ ቀላል ነው። ክፍሎቹ ሲመጡ የፋብሪካው ወረቀት አብሮ ይመጣል። ዲክላራሲዮን አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የሞተር ቁጥር አለ። ቢሮው የሚያደርገው የተጻፈውን ከተቀረጸው ጋር ማመሳከር ነው። መኪናው ደኅና መሆኑን ቀድሞ ሌላ አገር የፈተነ ሰው አለ ተብሎ ይታመናል።

ችግሩ የሚመጣው ማንም ያልፈተነው ክፍል ሲጨመር ነው።

▪️ ቅጥቅጥ

ቅጥቅጥ እንዴት እንደሚሠራ የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው። የጭነት አይሱዙ ይገዛል። በሻንሲው ላይ የቱቦላሬ አጽም ይበየዳል። አጽሙ ላሜራ ይለብሳል። መስኮት ይከፈታል፣ መስታወት ይገባል፣ ወንበር ይደረደራል፣ በር ይሰቀላል፣ ቀለም ይቀባል። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ ይታሰራል። አለቀ። ትናንት ስሚንቶ ሊጭን የነበረው መኪና ዛሬ ሰው ይጭናል።

ይህን ሥራ የምንቅ ሰዎች አለን። እኔ አልንቅም። አገሩ አውቶቡስ ፈለገ፤ ሙሉ አውቶቡስ ከውጭ ለማምጣት የሚጠየቀው የውጭ ምንዛሪና ቀረጥ ከባለንብረቱ አቅም በላይ ሆነ፤ ባለሙያው በእጁ ባለው ነገር መልስ ሰጠ። ስንት ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው፣ ስንት ታማሚ ዲላ ሆስፒታል የገባው በዚህ መኪና ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ነገር ግን ወርቅም ቢሆን ይፈተናል። የጭነት ሻንሲ ሲነደፍ የታሰበለት ክብደት ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ጭነት ነው። ላዩ ላይ ከፍ ያለ ቤት ሠርተን፣ ቤቱን በሰው ሞልተን፣ ከሰው በላይ ደግሞ ፖርቶ መጋላው ላይ ጆንያና ሻንጣ ስንከምር፣ የክብደቱ መሐል ወደ ላይ ይወጣል። የጌዴኦን መንገድ የሚያውቅ ሰው የቀረውን አልነግረውም። ኩርባ አለ፣ ዳገት አለ፣ ቁልቁለት አለ፣ በክረምት ጭጋግ አለ። ክብደቱ ላይ የወጣ መኪና ኩርባ ላይ መገልበጥ ይቀለዋል። ሲገለበጥ ደግሞ ሰውን የሚያድነው ያ የቱቦላሬ አጽም ነው። ብየዳው ጥሩ ከሆነ ይቆማል። ሽፋን ብቻ ከሆነ እንደ ካርቶን ይተኛል።

ሕዝቡ ለአይሱዙ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ያወጣለት በከንቱ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ የመኪናው ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱም፣ ድካሙም፣ ትርፍ መጫኑም፣ መንገዱም አለ። ሆኖም ከአደጋ በኋላ የምንሰማው ዜና «በፍጥነት ሲያሽከረክር» ከሚለው አያልፍም። «አካሉን ማን ሠራው? በስንት ሚሊ ሜትር ብረት?» ብሎ የጠየቀ ዜና ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ የተመለሰ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀፍ የወጣው ደንብ ቁጥር 66 ስለ አውቶቡስ አካል ጥንካሬ ብቻ ይናገራል። ፈተናው ለማንም ይገባል፦ አውቶቡሱ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው መድረክ ላይ በጎኑ ተገልብጦ እንዲወድቅ ይደረጋል። ከወደቀ በኋላ ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ቦታ ሳይደፈጠጥ መትረፍ አለበት። ተረፈ፣ አለፈ። አልተረፈም፣ ወደቀ። በቃ።

▪️ እንግሊዞች ምን አደረጉ?

መኪናን በክፍል ገዝቶ ቤት ውስጥ መገጣጠም በእንግሊዝ አገር የቆየ ባህል ነው። መነሻው ደግሞ ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ግብር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙሉ መኪና የገዛ ሰው ከባድ የግዢ ግብር ይከፍል ነበር። በክፍል የገዛ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ1957 ኮሊን ቻፕማን «ሎተስ ሰቨን» የምትባለውን ትንሽ መኪና በክፍል መሸጥ ጀመረ። እንደሚተረከው ከሆነ ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ይከለክል ስለነበር፣ ኩባንያው መኪናዋን «እንዴት እንደምትፈታ» የሚያስረዳ ጽሑፍ ሰጠ፤ ገዢው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ ገጠማት!

እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዝ የተጨማሪ እሴት ታክስ ስታስገባ ያ ቀዳዳ ተደፈነ። ሎተስም የሰቨንን መብት ለኬተራም ሸጠ። ግብሩ ቢቀርም ሙያው አልሞተም። መንግሥት «ጋራዥ ውስጥ የተሠራ መኪና መንገድ ላይ አይወጣም» አላለም። «ይውጣ፣ ግን ልየው» አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ለአንድ ነጠላ መኪና የሚሰጥ የማጽደቂያ ፈተና ተጀመረ፤ በ2009 ደግሞ በአዲስ ሥርዓት ተተካ። መርማሪው በእጅ የተሠራችውን መኪና ፍሬኗን፣ መሪዋን፣ የወንበር ቀበቶዋ የታሰረበትን ቦታ፣ መብራቷን፣ ጭሷንና ድምፅዋን፣ ሰው ሊቆርጥ የሚችል የሾለ ጠርዟን ሳይቀር ያያል። ካለፈች ትመዘገባለች። ክፍሎቿ ከየት እንደመጡ በውል ካልታወቀ ደግሞ «ኪው» በሚል ፊደል የሚጀምር ታርጋ ይሰጣታል። ያ ፊደል ለገዢው ይናገራል፦ ይህች መኪና ተፈትና አልፋለች፣ የትውልድ ታሪኳ ግን ሙሉ አይደለም።

እዚህ ላይ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሕግ በእጅ የተሠራን ነገር ለማስተናገድ ከሁለት ነገሮች አንዱን ብቻ መምረጥ የለበትም፤ ሳያይ አያሳልፍም፣ ሳያይም አይከለክልም።

▪️ የእኛ ሕግ

የኛ ዋናው ሕግ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ያልተመዘገበ፣ ታርጋ ያልለጠፈ፣ ዓመታዊ ምርመራ ያላለፈ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ቀለም ይጻፋል። ክፉ ሕግ ነው አልልም፤ ሌባን ለመያዝ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበትን ለመለየት የግድ ያስፈልጋል።

ዓመታዊው ምርመራም ቢሆን ፍሬን፣ መብራት፣ መሪ፣ ጎማ፣ ጭስ ያያል። ይህ አገልግሎት ላይ ያለ መኪና መድከም አለመድከሙን ለማወቅ የሚደረግ ነው። አካሉ ሲገለበጥ ስንት ይሸከማል የሚለውን ለመመለስ የታሰበ አይደለም። ይህ ጥያቄ መመለስ ያለበት አንድ ጊዜ፣ አካሉ ሲሠራ ነው።

በዚህ መሐል ሁለት ሰዎች ይጎዳሉ። አንደኛው ሻንሲው ሕጋዊ ስለሆነ ብቻ ከላይ ያለው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ የሚሳፈረው ሰው ነው። ሁለተኛው በተቃራኒው ያለው ልጅ ነው። በየጊዜው በቴሌቪዥን የምናያቸው ወጣቶች አሉ፤ ከባጃጅ ሞተር፣ ከሞተር ሳይክል ጎማ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ባለ አራት እግር መኪና የሠሩ። እንጨበጭባለን፣ ባለሥልጣን ፎቶ ይነሣል፣ የምስጋና ወረቀት ይሰጣል። ከዚያስ? መኪናው ብዙውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ምክንያቱም ፋይሉ የሚጀምረው ከዲክላራሲዮን ነው፤ ልጁ ደግሞ ዲክላራሲዮን የለውም። የሞተሩ ቁጥር የሌላ ተሽከርካሪ ነው፣ ሻንሲውን ራሱ በይዶታል፣ ቁጥርም የለውም።

ስለዚህ አንዱ በቁጥር አለፈ፣ ሌላው በቁጥር ወደቀ። ሁለቱንም ብረታቸውን ያየላቸው የለም።

▪️ አሁን ለምን አነሣሁት?

ምክንያቱም የክፍል መኪና ዘመን በይፋ ወደ አገራችን ገብቷል። ያስገባውም እንደ እንግሊዙ ግብር ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የተለየ ተመን አወጣ፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚገባ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ ሆኖ የሚገባ 15 በመቶ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ።

የተመኑ መልእክት ግልጽ ነው፦ በትነህ አምጣ፣ እዚህ ግጠም። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ሥራ ይፈጥራል፣ ነዳጅ የምንገዛበትን ዶላር ያተርፋል፣ ጋራዥ ውስጥ ያደገውን እጅ ወደ ፋብሪካ ያሻግራል። ግን የተበተነው ሲገጠም ማን ያየዋል? ባትሪው ከተሳፋሪው ወንበር ሥር እንዴት ታሰረ? ገመዱ ውኃ ቢነካውስ? ከይርጋጨፌ በላይ ያለውን ቁልቁለት ባለ ሦስት እግር ኤሌክትሪክ ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ ይዞ ሲወርድ ፍሬኑ ይችለዋል? የተለመደውን መንገድ ከተከተልን መልሱን የምናውቀው ከአደጋ በኋላ ነው።

▪️ ትምህርቱ እዚያው ጌዴኦ ውስጥ አለ

መፍትሔውን ለንደን ድረስ ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም። ቡናችን አስተምሮናል።

ለረጅም ጊዜ ትንሹ ገበሬ ቡናውን ራሱ ወደ ውጭ መላክ አይችልም ነበር። በአቅራቢ፣ በኅብረት ሥራ፣ በላኪ በኩል ያልፋል። በ2009 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 አምራቹ የራሱን ቡና ራሱ እንዲልክ በር ከፈተ። በሩ ሲከፈት ግን ምርመራው አልቀረም። የትንሹም ገበሬ፣ የትልቁም ላኪ ናሙና ይወሰዳል፣ ይቆላል፣ ይቀመሳል። ቀማሹ «የማን ነው?» አይልም፤ ስኒው ውስጥ ያለውን ይናገራል። የይርጋጨፌ ስም በዓለም የተከበረው ገበሬው ስለተከለከለ አይደለም፣ እንዲሁ ስለተለቀቀም አይደለም። ቡናው ስለተቀመሰ ነው።

ለብረቱም ይህንኑ ብናደርግስ? እኔ የምለው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በሻንሲ ላይ አካል የሚሠራ ጋራዥ ሁሉ ስሙንና የሠራበትን ዓመት በማይነቀል ሳህን ላይ ቀርጾ በሩ ሥር ይለጥፍ። ሊብሬው ላይም የአካል ሠሪው ስም ይጻፍ። ስሙን የጻፈ ሰው ብየዳውን ያጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ለሰው መጫኛ አካል የቱቦላሬ ውፍረት፣ የወንበር አሰር፣ የአደጋ መውጫና የፖርቶ መጋላ ክብደት ወለል ይቀመጥለት። ጋራዡ ሊያነበው በሚችል አማርኛና በየክልሉ ቋንቋ፣ ከነሥዕሉ።

ሦስተኛ፣ ለነጠላ መኪና የሚሆን የፈተና በር ይከፈት። መካኒካል ምህንድስና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችና ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች በየክልሉ አሉ። መምህሩም፣ መለኪያውም፣ ተማሪውም እዚያው ነው። ያ ቴሌቪዥን ላይ ያጨበጨብንለት ልጅ መኪናውን ወስዶ ያስፈትን። ቢወድቅ ለምን እንደወደቀ በጽሑፍ ይሰጠው፤ አስተካክሎ ይመለስ። ቢያልፍ ልዩ ታርጋ ይለጠፍለት፣ በተወሰነ ፍጥነትና በተወሰነ አካባቢ ይንዳ።

አራተኛ፣ ተበትኖ ገብቶ ለሚገጠም የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የቀረጥ ቅናሹ ከፈተናው ጋር ይታሰር። መንግሥት ቀረጡን የተወው ለሕዝብ ጥቅም ከሆነ፣ ሕዝቡ በምላሹ የተፈተነ መኪና ማግኘት ይገባዋል።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው፣ ታሪፍ ያስጨምራል» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ወጪ አለው። ዛሬም ግን ወጪው እየተከፈለ ነው። የሚከፍለው ኩርባ ላይ የተገለበጠው ተሳፋሪና ቤተሰቡ ነው። ጥያቄው ማን ይክፈል፣ መቼ ይክፈል የሚለው ብቻ ነው።

እጅ አለን። ይህን ማንም አይወስድብንም፤ ላሜራ ቀጥቅጦ አውቶቡስ ያወጣ አገር ነው። የጎደለን የገዛ እጃችንን ሥራ ከባዕድ ፋብሪካ ሥራ እኩል አክብሮ፣ እኩል ጠንክሮ የሚፈትን ዓይን ነው። ሳይፈተን የሚያልፍ ሥራ የተናቀ ሥራ ነው። ለቡናችን የሰጠነውን ክብር ቡናውን ለሚለቅሙት ሰዎች መሳፈሪያም እንስጠው።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ ጋራዥ ውስጥ ያላችሁና በደቡብ መንገድ የምታሽከረክሩ። ቸር እንሰንብት!